«መታወቂያ አለህ?»፦ ከኮልፌ መንገድ እስከ ስልካችን፣ ስለ መታወቂያና ስለ ዕድሜ ማጣሪያ ማወቅ ያለብን

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው ሴቭ አድርጋችሁ የምታስቀምጡት ዓይነት ማብራሪያ ነው።

ከአየር ጤና ወደ ካራ ቆሬ፣ ከቤቴል ወደ ዓለም ባንክ፣ ከሎሚ ሜዳ ወደ ጦር ኃይሎች ስትሉ «መታወቂያ አለህ?» ወይም «መታወቂያሽን አሳዪ» መባል አዲስ ነገር አይደለም። ፖሊስ ይጠይቃል፣ የሕንፃ ጥበቃ ይጠይቃል፣ ባንክ ይጠይቃል፣ አከራይ ኮፒውን ይወስዳል። አሁን ደግሞ ስልካችን ውስጥ ያሉ አፖች «ዕድሜህን አረጋግጥ» ማለት ጀምረዋል።

ብዙዎቻችን ጥያቄው ሲመጣ የምናስበው «ይዣለሁ ወይስ ረስቼዋለሁ?» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መምጣት ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች ግን አሉ፦

1. የሚጠይቀው ማን ነው?
2. በየትኛው ሕግ ነው የሚጠይቀው?
3. ያሳየሁት ወይም የሰጠሁት መረጃ የት ይሄዳል?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ መታወቂያ ማንነታችንን ያረጋግጣል እንጂ መብታችንን አይሰጠንም። መብቱ ቀድሞም የኛ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው ካርድ የሌለው ሰው እንደ ወንጀለኛ መታየት የሚጀምረው።

መታወቂያው ከየት መጣ?

ወረዳ ሄደን ያወጣነውን ካርድ እስካሁን «የቀበሌ መታወቂያ» ነው የምንለው። ስሙ ታሪኩን ይዟል። ቀበሌ የተወለደው ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47/1967 ካወጣ በኋላ ነው። ቀበሌው አነስተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ያስተዳድራል፣ የሕብረት ሱቅ ያቋቁማል፣ የነዋሪውን መዝገብ ይይዛል። ስኳርም ቤትም የሚገኘው በቀበሌ በኩል ነበር።

ያው መዝገብ ግን ሌላ ሥራም ነበረው። በ1969 እና 1970 ዓ.ም በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ፣ ማን የየትኛው ቤት ነዋሪ እንደሆነ፣ ማን «ፀጉረ ልውጥ» እንደሆነ የሚለየው በቀበሌ ነበር። እናቶቻችንና አባቶቻችን መታወቂያቸውን ሳይዙ ከቤት መውጣት የሚያስፈራቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ትምህርቱ ቀላል ነው። ስኳር ለማከፋፈል የተሰበሰበ መረጃ ሰው ለማደንም ያገለግላል። መረጃው አንድ ነው፤ የሚለያየው የያዘው እጅ ነው።

ኮልፌ፣ ማንዴላ እና «ፓስ»

ብዙ የሰፈራችን ልጆች የሚያውቁት፣ ግን ከመታወቂያ ጋር የማያገናኙት ታሪክ አለ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1962) ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ከስንት አገር ተጉዞ ኮልፌ ያደረሰው ትግል ውስጥ ደግሞ አንዱ ትልቅ ጉዳይ መታወቂያ ነበር።

በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሰው «ፓስ» የሚባል ደብተር ይዞ መንቀሳቀስ ግዴታው ነበር። ደብተሩ የት መኖር፣ የት መሥራት እንደሚችል ይናገራል። ፖሊስ በማንኛውም ሰዓት «ፓስህን» ይላል፤ ያልያዘ ይታሰራል። መጋቢት 12 ቀን 1952 ዓ.ም ሻርፕቪል ላይ ሕዝቡ ይህን ሕግ ተቃውሞ ሲሰበሰብ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። ማንዴላ በዚያው ወር የራሱን ፓስ በአደባባይ አቃጠለ።

ከኮልፌ ሥልጠናው ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ከተፈረደበት 5 ዓመት ውስጥ 2ቱ «ያለ ሕጋዊ የጉዞ ሰነድ ከአገር ወጥተሃል» በሚል ነበር። የፓስ ሕጉ የተሻረው እ.ኤ.አ በ1986 ነው።

ይህን ያመጣነው የኛ አገር እንደ አፓርታይድ ነው ለማለት አይደለም። የምንለው፣ አንድ ካርድ «ማን ነህ?» ከሚለው አልፎ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ከጀመረ ሥራው ተቀይሯል ነው። የመጀመሪያው ማንነትን ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው እንቅስቃሴን መፍቀድና መከልከል ነው።

በኛ ዘመን የሆነው

«ያ ድሮ ነው» የሚል ካለ፣ የቅርቡን እናስታውስ።

በ1997 እና 1998 ዓ.ም፦ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ተቃውሞ በአዲስ አበባ በጅምላ የታፈሱት በብዛት ወጣቶች ነበሩ። ብዙዎቹ ደዴሳን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተወስደዋል። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ገልጿል።

መስከረም 2011 ዓ.ም፦ ለኮልፌ ጎረቤት በሆነችው ቡራዩ ጥቃት ደርሶ ሰው ከተገደለና ከተፈናቀለ በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ከዚያ ፖሊስ ወደ 3,000 የሚጠጉ ወጣቶችን ያዘ። ከጫት ቤት፣ ከሺሻ ቤት፣ ከቁማር ቤት የታፈሱ ነበሩበት። 1,204 የሚሆኑት ክስ ሳይመሠረትባቸው ቶላይ ወታደራዊ ካምፕ ገብተው «ተሐድሶ» ተሰጣቸው። የተለቀቁት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም፦ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝና መፈተሽ ተፈቀደ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት ፍተሻ ተደረገ፣ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስልና እንዳሳሰበው ተናግሯል። አዋጁ የተነሳው በየካቲት 2014 ነው።

2015 ዓ.ም፦ ከአማራ ክልል ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ መንገደኞች መታወቂያቸው የት እንደወጣ እየታየ ከመንገድ ሲመለሱ በስፋት ተዘገበ። ነፍሰ ጡር፣ ታማሚ፣ ተማሪ ሳይባል። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ሌላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ውስጥም እስር ተከተለ።

በነዚህ ሁሉ ውስጥ ካርዱ ምን ሠራ? አንዳንዱን አዳነ፣ አንዳንዱን አሲያዘ። ልዩነቱን የፈጠረው የካርዱ ባለቤት ያደረገው ነገር ሳይሆን ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም፣ የተሰጠበት ቦታ፣ አንዳንዴም አንድ መስመር ነበር።

«ብሔር» የምትለዋ መስመር

በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ለዓመታት «ብሔር» የሚል ቦታ ነበር። ሲሞላ ብዙም የማይታሰብበት፣ ሲፈተሽ ግን የሰው ዕጣ የሚወስን መስመር።

የዚህን አደጋ ከሩዋንዳ በላይ የሚያሳይ የለም። የቤልጂየም ቅኝ ገዢዎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ የሚል መታወቂያ አወጡ። ነፃነት ከመጣ በኋላም ቀጠለ። እ.ኤ.አ በ1994 የዘር ጭፍጨፋው ሲጀመር መንገድ የዘጉት ገዳዮች የሚጠይቁት መታወቂያ ነበር። ካርዱን ያተሙት ሰዎች ለዚያ ብለው አላተሙትም። ግን ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው።

ስለዚህ ጥሩውን ጥሩ እንበል፦ ፋይዳ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊጠበቅ ይገባል።

ፋይዳ ምንድነው? ምንስ አይደለም?

ፋይዳ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ሲመዘግብ የሚወስደው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታና አድራሻ ነው። በተጨማሪ የ10 ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ምዝገባው ነፃ ነው። ከተመዘገባችሁ በኋላ ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር በስልካችሁ መልእክት ይመጣል፤ ለአገልግሎት የምታሳዩት ደግሞ በሱ ምትክ የሚሠራ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር አለ።

ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። «ይህ ሰው በእርግጥ እሱ ራሱ ነው» ይላል እንጂ «ኢትዮጵያዊ ነው» አይልም። እዚህ የሚኖር የውጭ ዜጋም ሊመዘገብ ይችላል።

ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ከገጠር መጥቶ ኮልፌ አካባቢ ተሸክሞ የሚያድር ልጅ የወረዳ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ይጠየቃል። መሸኛ ከሌለ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ ቤት የሚያከራይ የለም፤ ቤት ካልተከራየ ደግሞ ወረዳው አድራሻ የለህም ይለዋል። ክብ ነው፣ መውጫ የለውም። «ፎርጅድ» መታወቂያ ገበያ ያገኘው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ፋይዳ ይህን ክብ ሊሰብር የሚችል ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው «መብት ነው» ተብሎ የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ የሁሉ በር ቁልፍ ሲሆን ነው። ብሔራዊ ባንክ ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ እንዲሆን አድርጓል። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምዝገባም ሲጠየቅ አይተናል። እያንዳንዱ ግዴታ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ማጭበርበርን መቀነስ፣ በሌላ ሰው ስም መፈተንን ማስቀረት። ሲደመር ግን ጥያቄው ይቀየራል፦ አሻራው በልፋት ብዛት ጠፍቶ ማሽኑ እምቢ ያለው የቀን ሠራተኛ፣ ስልኩ የተሰረቀባት ተማሪ፣ ስማቸው በስህተት የተጻፈ እናት ምን ይሁኑ?

በወረቀት መታወቂያና በዲጂታል መታወቂያ መካከል አንድ ሌላ ልዩነት አለ። የወረቀቱን ስታሳይ ሰውዬው ያየዋል፣ ይመልስልሃል፣ አለቀ። ዲጂታሉ ሲረጋገጥ ግን ማን፣ መቼ፣ የት እንዳረጋገጠው መዝገብ ላይ ሊቀር ይችላል። ያ መዝገብ ሲጠራቀም የሰው የሕይወት ካርታ ይሆናል።

ለዚህ ነው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አስፈላጊ የሚሆነው። አዋጁ እንደ አሻራና አይሪስ ያለውን መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልገው ወገን ይመድበዋል። ስለ እናንተ ምን እንደተያዘ የማወቅ፣ ስህተት የማስታረም መብት ይሰጣል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ልብ በሉ፦ የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ የወጣው በ2015፣ የዳታ ጥበቃው በ2016 ነው። በሩ ቀድሞ ተከፈተ፣ ቁልፉ በኋላ መጣ።

ዕድሜስ?

አሁን ወደ ዕድሜ እንምጣ፤ ምክንያቱም ወጣት ላይ የሚጠነክረው እሱ ነው።

በኛ ሕግ ዕድሜ አንድ ቁጥር አይደለም፦

9 ዓመት፦ ከዚህ በታች ያለ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም።
15 ዓመት፦ ተቀጥሮ ለመሥራት ዝቅተኛው ዕድሜ። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ ልዩ ጥበቃ አለው።
18 ዓመት፦ ለመምረጥ፣ ለማግባት።
21 ዓመት፦ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮልም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው።

አዎ፣ በ19 ዓመት መንግሥት መምረጥ ይቻላል፤ ቢራ መግዛት ግን አይቻልም። ክልከላው የተጻፈው ለሻጩ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ግሮሰሪው ከጠረጠረ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ካልሆነ አይሸጥም። ይህ ለጤና የወጣ ሕግ ነው፤ ወጣት የሆነን ሰው ሁሉ ከየቤቱ ለማፈስ የወጣ አይደለም።

ችግሩ ዕድሜያችን ራሱ በቅጡ የተመዘገበ አለመሆኑ ነው። ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። በዚያው ጊዜ አካባቢ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እኛ ብዙዎቻችን «በጥምቀት ማግሥት»፣ «ያ ዓመት ዝናብ የጠፋ ጊዜ» ተብሎ የተነገረንን ነው ወደ ቁጥር የቀየርነው።

ይህ የሚጎዳው ማንን ነው? በአፈሳ የተያዘን የ16 ዓመት ልጅ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ይላል። መታወቂያ የሌለው ረጅም ቁመት ያለው ልጅ ግን በዓይን ተገምቶ «ትልቅ ነው» ይባላል። ስለዚህ ወላጆች፣ የልደት ካርድ ማውጣት የቢሮክራሲ ጣጣ ብቻ አይደለም፤ አንድ ቀን ልጃችሁን የሚከላከል ወረቀት ነው።

ስልካችን ውስጥ የመጣው ማጣሪያ

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እንግሊዝም ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ ጀምሮ የአዋቂ ይዘት ያላቸው ድረ ገጾች ዕድሜን በትክክል እንዲያረጋግጡ አስገድዳለች። ዓላማው ልጆችን መጠበቅ ነው፤ ያንን የሚቃወም የለም።

ግን ልጅን ለመለየት ሁሉንም ሰው ማጣራት ያስፈልጋል። 15 ዓመት አለመሆንህን ለማሳየት የ40 ዓመቱም ሰው ፊቱን ወይም መታወቂያውን እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። እና የተሰጠው ነገር ይሰረቃል። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ ዲስኮርድ የተባለው መተግበሪያ አብሮት በሚሠራ ሌላ ድርጅት በኩል በደረሰ ጥቃት ወደ 70,000 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች የመታወቂያ ፎቶ ሳይጋለጥ እንዳልቀረ አሳውቋል። ከነሱ ብዙዎቹ መታወቂያቸውን የላኩት ከዕድሜ ጋር ለተያያዘ ማጣራት ነበር። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል። ፊትና አሻራ አይቀየርም።

ለኛ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ፦ የዘመን አቆጣጠር። በጥር 2002 ዓ.ም የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር የተወለደው በ2010 ነው። አፑ ላይ «2002» ብሎ ከሞላ 8 ዓመት ተጨመረለት፤ የ16 ዓመቱ ልጅ የ24 ዓመት ሰው ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያ መታወቂያ ሲጠየቅ አይገጥምም፣ አካውንቱ ይዘጋል። ስለዚህ ስትሞሉ ወደ እ.ኤ.አ ቀይሩ።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

እንግሊዝ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1939፣ መታወቂያ አወጣች። ለ3 ጉዳይ ተብሎ የተጀመረው ካርድ በ1950 በ39 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይፈለግ ነበር። በዚያው ዓመት ክላረንስ ዊልኮክ የተባለ መኪና አሽከርካሪ ፖሊስ አስቁሞት መታወቂያ ሲጠይቀው «አላሳይም» አለ። ጥፋተኛ ተባለ፤ ይግባኙንም ተሸነፈ። ዳኞቹ ግን ለጦርነት የወጣን ሕግ በሰላም ጊዜ ለማንኛውም ነገር መጠቀም ሕግ አክባሪውን ከፖሊስ ጋር ያቃቅራል ብለው ነቀፉ። እ.ኤ.አ በ1952 ካርዱ ቀረ።

ህንድ፦ አዳር የሚባለው የአሻራ መታወቂያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው የያዘ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ ሥርዓቱን ሕጋዊ ነው አለ፤ ግን ለባንክ ሂሳብ፣ ለስልክ መስመርና ለትምህርት ቤት መግቢያ ግዴታ መሆን የለበትም ሲል ወሰነ።

ኬንያ፦ ሁዱማ ናምባ የተባለው ፕሮጀክት በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ በፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ተባለ። ምክንያቱ በሰዎች ዳታ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ አልተጠናም የሚል ነው።

በሦስቱም አገር ስለ መታወቂያ ገደብ ጥያቄ ተነስቷል።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?

እነዚህን አንቀጾች ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦

አንቀጽ 17፦ ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነፃነቱን አያጣም።
አንቀጽ 19፦ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመጓጓዣው ጊዜ አይቆጠርም።
አንቀጽ 21፦ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከጓደኛው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው።
አንቀጽ 26፦ ሰውነታችሁ፣ ቤታችሁ፣ ንብረታችሁ ዝም ብሎ አይፈተሽም። በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምታደርጉት ግንኙነትም በዚህ ውስጥ ነው።
አንቀጽ 32፦ በአገር ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታ የመምረጥ መብት።
አንቀጽ 25፦ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል ነው፤ በዘር፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት አይደረግበትም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ብዙዎቹ መብቶች ሊገደቡ ይችላሉ። አንቀጽ 93 ግን የማይነኩ የሚላቸው አሉ፤ አንዱ አንቀጽ 25 ነው። በሌላ አነጋገር፣ አዋጅ ባለበት ጊዜም ቢሆን ሰውን በብሔሩ ለይቶ መያዝ በሕግ አልተፈቀደም። ይህን በደንብ ያዙት።

ተግባራዊ ምክር

መንገድ ላይ ሲጠይቋችሁ

ተረጋጉ፣ አትሩጡ፣ አትሳደቡ። ካርድ ካላችሁ አሳዩ። የለበሰው የደንብ ልብስ የማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ፖሊስ፣ ደንብ አስከባሪና የሰፈር ሰላም ጠባቂ አንድ አይደሉም። ካልገባችሁ «ይቅርታ፣ ከየት ናችሁ?» ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ልትወሰዱ ከሆነ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምክንያቱ ምንድነው? ወደ የትኛው ጣቢያ? የጣቢያውን ስም ለአብሯችሁ ሰው ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ቤተሰብ ልጁን ፍለጋ በየጣቢያው የሚንከራተተው ስሙን የሰማ ሰው ሲጠፋ ነው። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ መጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ይሁን። ኃይል ለመጠቀም የተዘጋጀ ሰው ፊት ግን ሕግ ለማስተማር አትሞክሩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን ያዙና ክርክሩን ለፍርድ ቤት አቆዩት።

ስልክ ክፈት ሲሏችሁ

መታወቂያ ማሳየትና ስልክ መክፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስልክ መፈተሽ ከአንቀጽ 26 ጋር የተያያዘ ነው። ትእዛዝ እንዳለ መጠየቅ ትችላላችሁ። የራሳችሁን ደኅንነት ግን አስቀድሙ።

መታወቂያ ወይም ኮፒ ለአከራይና ለመሥሪያ ቤት ስትሰጡ

ለአከራይ፣ ለቀጣሪ፣ ለሱቅ ኮፒ ስትሰጡ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ለሌላ ነገር እንዳይውል ይረዳል። የሕንፃ ጥበቃ መታወቂያችሁን ሲይዝ ስትወጡ መቀበላችሁን አትርሱ፤ ብዙ ካርድ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ፋይዳን በተመለከተ

ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ «ፋይዳዬ ደረሰ» ብላችሁ የካርዱን ፎቶ ፖስት አታድርጉ። በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለ ሰው አትንገሩ። ስም ወይም የትውልድ ቀን ተሳስቶ ከተጻፈ ዛሬውኑ አስታርሙ፤ ስህተቱ ወደ ባንክና ወደ ፈተና ምዝገባ ከተሻገረ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

አፕ ዕድሜ ሲጠይቅ

መጀመሪያ ያለ መታወቂያ ማለፍ የሚቻልበት አማራጭ እንዳለ እዩ። መታወቂያ መላክ የግድ ከሆነ ይህን ያህል ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በሌላ ሰው መታወቂያ ግን አትግቡ።

በመጨረሻ

መታወቂያ መያዝ ይጠቅማል። አውጡ፣ ያዙ፣ በአግባቡ አስቀምጡ። እኛ የምንለው ካርዱ ይጣል አይደለም።

የምንለው፣ ካርድ የረሳ ሰው ካርድ የረሳ ሰው ብቻ ነው። ወንጀለኛ አይደለም፣ ፀጉረ ልውጥ አይደለም፣ የሰፈሩ እንግዳ አይደለም። መንግሥት ማንነታችንን የማወቅ ፍላጎት ሲኖረው እኛም መረጃችንን ማን እንደያዘውና ለምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለን። አንዱ ወገን ብቻ እየጠየቀ ሌላው ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን መተዋወቅ አይባልም፤ ምርመራ ነው።

መብት የሚሸረሸረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትልቅ አዋጅ አይደለም። ትንሽ ትንሽ እየሆነ፣ «ምን ችግር አለው፣ አሳየው በቃ» እየተባለ ነው። ስለዚህ አሳዩ፤ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙ። ማን? በየትኛው ሕግ? ወዴት?

ይህን ጽሑፍ ለታናናሾቻችሁ፣ በተለይ ዘንድሮ የመጀመሪያ መታወቂያቸውን ለሚያወጡት ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እንመለስበታለን። ቸር ያሰማን።